ቀዝቃዛው ድንጋይ

ኢንጂነር ቴዎፍሎስ ድንጋይ ሲልሱ ያየኋቸው ረቡዕ ቀን ነው፤ ያውም ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጾም ከጀመርኩ ዓመት ስላልሞላኝ፣ እንደ አዲስ ጿሚ ሁሉ፣ የራሴን ሆድ ትቼ የሌላውን ሰው አፍ እጠብቅ ነበር። እሳቸው ግቢያችን ጥግ ካለው ካብ ላይ ተቀምጠው አንድ ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ከፈሉ። የተሰበረውን ፊቱን በምላሳቸው አራሱት። ከዚያ ባንገታቸው ባንጠለጠሏት ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ አፍንጫቸው ድንጋዩን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው አዩት።

ሮጬ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ኢንጂነሩ ድንጋይ በሉ!»

አባቴ ዳዊታቸውን ሳያጥፉ «ጨረሱት?» አሉኝ።

«አይ፣ ላሱት ብቻ።»

«እንግዲያው ቅቤ ካልነካው እኔ እፈታቸዋለሁ። አንቺ ግን እንዳትለምጂ።»

ምክራቸውን አልሰማሁም። ዛሬ እኔም በሳምንት ሃያ ሠላሳ ድንጋይ እልሳለሁ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የማዕድን ቤተ ሙከራ ነው። የደረቀ ድንጋይ ፊቱን አቧራ ይሸፍነዋል፤ ሲርስ ግን በውስጡ ያሉት ማዕድናት በየቀለማቸው ይለያሉ። ምራቅ ደግሞ ሁልጊዜ ከሰው ጋር አለ። ነገሩ ይኸው ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰውየው የሚልሱት የሚጣፍጠውን መርጠው ሊወስዱብን መሰለኝ።

ቤታችን ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ገደል ወገብ ላይ ነው። አባቴ መምሬ ዘሥላሴ የደብራችን አስተዳዳሪ ስለነበሩ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው። ቴዎፍሎስ የአገሩን ድንጋይ እየለዩ በካርታ ላይ የሚያሰፍሩ ተመራማሪ ነበሩ። ከደብረ ብርሃን ተነስተው ገደሉን ይዘው በበቅሎ ወረዱና ሰኞ ማታ ደጃችን ደረሱ። መሐንዲስ እንዳልሆኑ ሁለት ጊዜ ተናግረው ሰሚ ስላጡ ኢንጂነርነቱን ተቀበሉት።

እናቴ ንጋቷ ከክረምቱ ጀምራ ትስል ነበር። ጥቅምት ሲገባ ሳሉ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም እንስራ ይዛ ከምንጭ ስትመለስ ሁለት ቦታ ላይ ማረፍ ጀመረች። ከሳለች በኋላ የነጠላዋን ጫፍ ታይና ቶሎ ታጥፈዋለች። አንድ ቀን ያጠፈችውን ገልጬ ቀይ ነገር አየሁበት። በርበሬ መስሎኝ፣ «እማዬ ነጠላዋን ወጥ አስነካችው» ብዬ ልከሳት አሰብኩና ተውኩት።

አባቴ በየቀኑ አንድ ነገር ይሏታል፤ «ወደ ጤና ጣቢያው ውጪ።» እሷም በየቀኑ አንድ መልስ ትሰጣለች፤ «ያባቴ ድንጋይ እያለልኝ?»

ድንጋዩ የሁለት ጡጫ ያህል ነው። ውጪው በስሎ እንዳረረ የዳቦ ልጣጭ ጥቁርና ስስ፤ አንድ ጥግ ላይ ልጣጩ ተነስቶ ውስጡ አመድማ ሆኖ ይታያል። ላነሳው ስሞክር ካሰብኩት በላይ ስለሚከብደኝ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። እናቴ በገበቴ ውስጥ አስቀምጣ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሳ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ታኖረዋለች። ማታ ውሃ ታፈስበታለች፣ ጠዋት እህል ሳትቀምስ ውሃውን ትጠጣለች። ጎረቤትም የታመመ ሲኖር በብርጭቆ ይወስዳል። አባቴ ይኼን ነገር አይወዱትም ነበር። ጠበሉ እያለ የምን ድንጋይ ማጠብ ነው ይላሉ። ነገር ግን ድንጋዩ የአማታቸው የአያቴ የወርቅአገኘሁ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይሄዱበትም።

የዚያን ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ቴዎፍሎስ ዳቦ ይዘው ሲያላምጡ እናቴ ገበቴውን ከፊታቸው አኖረችላቸው። አገር ለአገር ዞሮ ድንጋይ የሚያይ ሰው ቤቷ ገብቶ የሷን ሳያይ እንዳይሄድ ፈልጋ ነበር። እንደ አራስ ልጅ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው።

ሰውየው ዳቦውን አስቀመጡ። ድንጋዩን አነሱት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ከዚያ ከኪሳቸው በክር የታሰረች ማግኔት አወጡ። ክሩን ሲያንጠለጥሉት ማግኔቷ ወደ ድንጋዩ ሄዳ ጥብቅ አለች። አመድማው ጥግ ላይ መነጽራቸውን ደቅነው ብዙ ቆዩ።

«ከየት አገኛችሁት?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«አባቴ ከማሳው ነው ያገኙት» አለች እናቴ። «ገብስ ሲያጭዱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር አሉ። ድንገት እንደ ነጎድጓድ ጮኸ፣ ከብቱ ደነበረ፣ ከማሳው ዳር አፈር ቦነነ። ሄደው ቢቆፍሩ ይኼን አገኙ።»

«ሲነኩትስ ይፋጅ ነበር?»

«ኧረ ምን ሊፋጅ! እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዝ ነበር ነው ያሉኝ። በሱ የተነሳ ስንቱ ሳቀባቸው መሰለዎት። ከሰማይ የወረደ ከሆነ እንዴት አያቃጥልም እያለ። እሳቸው እስኪሞቱ ቃላቸውን አልለወጡም።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ሳሉ ያዛት። ግድግዳውን ተደግፋ ጎንበስ ብላ ሳለች። ቴዎፍሎስ ድንጋዩን በእጃቸው እንደያዙ ዓይናቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነዎት፣ ወይዘሮ ንጋቷ? ሌሊት ያልብዎታል? ከስተዋል?»

«ይኼ ምች ነው፤ ይሄዳል» አለችና ገበቴውን ሳበች።

እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም እከታተል ነበር። ሰውየው ዓይናቸው ድንጋዩ ላይ እንደቀረ ደርሼበታለሁ። ስለ ሳሉ የጠየቁት ሐሳባችንን ለማስቀየር እንደሆነም ደርሼበታለሁ።

በማግስቱ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ከአባቴ ጋር ቆመው ሲነጋገሩ አገኘኋቸው። ተደብቄ ሰማሁ፤ ሰማሁ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ በቅሎዋ አጠገቤ ገለባ እየቆረጠመች ስለነበር የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው።

«…ሠላሳ ዓመት ስፈልገው የኖርኩትን ነገር…» አሉ ቴዎፍሎስ።

አባቴ አንድ ነገር አሉ፤ አልሰማኋቸውም።

«…እርስዎ ቄስ ነዎት እኮ! እኔስ ስሜ…»

«ይውሰዱት» አሉ አባቴ። «ለማንም እንዳይናገሩ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

ከዚያ አባቴ ጎንበስ አሉና የሰውየውን ጉልበት በሁለት እጃቸው ያዙ። ከእጃቸው የሆነ ነገር ወድቆ የሚፈልጉ መስሎኝ እኔም ከክምሩ ጀርባ ሆኜ መሬት መሬቱን አየሁ። ቴዎፍሎስ በድንጋጤ ብብታቸው ሥር ገብተው አነሷቸው።

የሰማሁትን ገጣጠምኩና አንድ ነገር ጨበጥኩ፤ ሁለቱ ተስማምተው የእማዬን ድንጋይ ሊያወጡ ነው። ኃጢአት መሆኑን ደግሞ በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሕዝቡን አስቀሩት። ዋርካው ሥር የደብሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ቴዎፍሎስ ድንጋዩን ከነገበቴው አቅርበው ማግኔቷን አሳዩ። ሰው ተንጠራርቶ አየ፤ ማግኔቷ ስትጣበቅ «ኧረ!» አለ።

«ይኼ ከሰማይ የወረደ አይደለም» አሉ ቴዎፍሎስ። ዓይናቸው ከገበቴው አልተነሳም። «የብረት አር ነው። ድሮ እዚህ አካባቢ ብረት ሲቀልጥ ከምድጃ የተደፋ ዝቃጭ። ማግኔት የሚስበው ለዚያ ነው። ከሰማይ የወደቀ ቢሆን ኖሮ ይፋጅ ነበር። ሲገኝ ቀዝቃዛ እንደነበር ባለቤቶቹም ይመሰክራሉ።»

ዛሬ ይኼን ሳስታውስ የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ከጠፈር የሚመጣ ድንጋይ ውስጡ የጠፈሩን ብርድ እንደያዘ ነው የሚመጣው። አየሩን ሰንጥቆ ሲወርድ የሚቃጠለው ስሱ ልጣጩ ብቻ ነው፤ እሱም መሬት ሳይደርስ ነፋሱ ያበርደዋል። አያቴ ሊዋሹ ቢፈልጉ ኖሮ ይፋጅ ነበር ይሉ ነበር። መቀዝቀዙ የእውነተኛነታቸው ምስክር ነበር፤ ቴዎፍሎስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። አውቀው ነው የገለበጡት።

«ሌላም ነገር አለ» አሉ። «ይኼ ዝቃጭ በውሃ ሲዘፈዘፍ ለሳንባ ጠንቅ የሆነ ነገር ይለቃል። ውሃውን የጠጣ ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደረቱን ይታይ፣ አክታውንም ያስመርምር። ሳል ያለበት ነገ ዛሬ ሳይል ይሂድ።»

ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ ጥግ ይዞ መትፋት ጀመረ፤ ሌላው ስንት ብርጭቆ እንደጠጣ በጣቱ ቆጠረ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ወደ ፊት መጣች። ነጠላዋን እስከ አፏ አጣፍታ ነበር።

«አባቴ ውሸታም ነበሩ ማለት ነው?» አለች።

ቴዎፍሎስ ማግኔቷን በክሯ ጠቀለሏት። እሷ ግን ቆማ ጠበቀች።

«ተሳስተው ይሆናል» አሉ በመጨረሻ።

እናቴ ከእሳቸው ዓይኗን አንስታ ወደ አባቴ ዞረች። እንዲናገሩ ነበር የፈለገችው፤ እኔም ፈልጌ ነበር። አባቴ የያዙትን መስቀል ይዘው መሬት መሬት አዩ። ያን ቀን እንደጠላኋቸው ደብቄ አላውቅም።

ቴዎፍሎስ ድንጋዩን በከረጢት ከተው በማግስቱ ጉዞ ጀመሩ። እኔ መንገዱ ዳር ጠብቄ ጠጠር ወረወርኩና ትከሻቸውን መታኋቸው። «ሌባ!» አልኳቸው። ዞር አሉ፣ ከበቅሎዋ ወረዱ፣ ጠጠሯን ፈልገው አነሱ፣ ምራቅ አስነክተው በመነጽር አዩዋት፣ ኪሳቸው ከተቷት። ከዚያ ምንም ሳይሉኝ ሄዱ። የወረወርኩባቸውን ጠጠር እንኳ የሚሰርቁ ሰው ናቸው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

እናቴ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች። ማስፈራሪያው ሠርቷል፤ ግማሽ መንደር ነው አብሯት የወጣው። ውሃውን ከጠጡት አሥራ አራት ሰዎች ሁለቱ ላይ፣ ከእናቴ ጋር ሦስት ላይ፣ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። ይኼን ቁጥር ያወቅሁት አድጌ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት እናቴ በየማለዳው በበቅሎ ተጭና፣ አባቴ ልጓሙን ይዘው፣ ዳገቱን ሲወጡ ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ። አንድ ቀን ከጓሮ ሽንቷ ቀልቶ አየሁና ጮቤ ረገጥኩ። የድንጋዩ ዝገት ከሆዷ እየወጣ መሰለኝ፤ እንግዲያው ሰውየው እውነት ተናግረው ኖሯል ብዬ ለአንድ ቀን ያህል ከቴዎፍሎስ ታረቅሁ። መድኃኒቱ ነበር ያቀላው። ያንን የሚወስድ ሰው ሁሉ ይቀላበታል።

አባቴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ቅዳሴ ሲቀደስ መቅደስ አይገቡም። በማኅበረ ምእመናኑ መካከል፣ ከበሩ ውጪ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ይቆማሉ። የደብር አስተዳዳሪ ውጪ ሲቆም ሰው ተንሾካሾከ። አርባ ቀን እንዲህ ሆነ። ድንጋዩን በማስወሰዳቸው የተሻሩ መሰለኝና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደአረጋይ፣ አንድ ፊታቸው የማይፈታ መነኩሴ፣ በእነዚያ ቀናት ሦስት አራቴ ቤታችን መጡ። ሲመጡ እኔ ውጪ እንድጫወት እታዘዛለሁ።

ሰኔ ላይ እናቴ የመጨረሻውን ክኒን ውጣ ጨረሰች። ፊቷ ሞልቶ ነበር፤ እንስራ ይዛ ሳታርፍ ከምንጭ ትመለሳለች። በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ አጥር ጥግ እየተጫወትኩ ሳለ አባቴ ከወንዙ በኩል ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። ጥምጥማቸውን አውልቀዋል። ባንገታቸው ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል፤ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ላባቸው ከግንባራቸው ወደ አፈሩ ይንጠባጠባል። አባ ወልደአረጋይ በዝምታ ይከተሏቸዋል። አንድ ሁለቴ አባቴ ሊወድቁ ሲሉ መነኩሴው ሊደግፏቸው እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት።

እናቴ ከቤት ወጣች። አባቴ ከፊቷ ተንበረከኩ፣ ድንጋዩን ካንገታቸው ሳያወርዱ። የሆነ ነገር ነገሯት፤ ረጅም ነበር። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ እያለቀሰች ድንጋዩን ካንገታቸው አነሳች፤ አባ ወልደአረጋይ አግዘዋት ከደጃፉ አኖሩት።

እኔ የገባኝ ይኼ ነበር፤ አባባ ለእማዬ ምትክ ድንጋይ አመጡላት። ያኛው ትንሽ ስለነበር ይኼ ይካሳት ብለው ትልቅ መርጠው ነው። ግን ተራ የወንዝ ድንጋይ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። እማዬም ስላልወደደችው ነው ያለቀሰችው። ለአባቴ ትንሽ አዘንኩ። መምረጥ አይችሉም ነበር።

ሰው የበደለውን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ በኋላ አይቻለሁ። ደም የተፋሰሱ ሰዎች እንዲህ ሲታረቁ አይቻለሁ። ያን የሰኔ ቀን ግን ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። በቤተ ሙከራችን መሳቢያ ውስጥ አንዴ የተሳሳተ ስም ተለጥፎበት የገባ ናሙና፣ የሚፈትሸው ሰው እስኪመጣ በዚያው ስሙ ይኖራል። የእኔም እንዲሁ ነበር።

የተማርኩት በቂም ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በቂም ጨረስኩ፣ ጂኦሎጂ በቂም ገባሁ፣ ማዕድናትን በየክሪስታላቸው ማጥናት በቂም ጀመርኩና ኋላ ወደድኩት። ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ያንን ድንጋይ አግኝቼ አያቴን ከውሸታምነት ማውጣት። አባቴ በ፪ሺህ፲፩ ዓ.ም. አረፉ። እስኪያርፉ ድረስ ስለ ድንጋዩ አንድም ቀን አላነሳሁባቸውም፤ ዝምታዬ ግን ይሰማቸው እንደነበር አልጠራጠርም።

ያገኘሁት ዐምና ነው። ቤተ ሙከራችን የአንድ ጡረተኛ ተመራማሪ ሣጥኖችን ተረከበና መዝገብ እንድሠራላቸው ታዘዝኩ። ሰባተኛውን ሣጥን ስከፍት ነጭ ጨርቅ አየሁ፤ ጨርቁ የእማዬ ነበር። ከጨርቁ ጋር አንዲት ጥቁር ጠጠር በወረቀት ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ወረቀቷ ላይ «የመምሬ ልጅ የወረወረችኝ» ተብሎ ተጽፏል። ከትልቁ ድንጋይ ሥር ያለው ጽሑፍ ደግሞ፣ «ከመምሬ ዘሥላሴ በአደራ። የድንጋዩ ባለቤት ወ/ሮ ንጋቷ ወርቅአገኘሁ ናት። በስሟ ሲጠየቅ ይመለስ። እስከዚያ አይጻፍበት» ይላል።

የመጨረሻውን ቃል ለጊዜው አላጤንኩትም። ከአመድማው ጥግ ትንሽ ቆርጬ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ አሳስቼ፣ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ውስጡ እንደ ጤፍ ፍሬ ድቡልቡል በሆኑ ጥቃቅን ነገሮች የተሞላ ነበር፤ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የተባሉ ማዕድናት፣ በመካከላቸው ደግሞ ኒኬል ያለበት የብረት ብናኝ። እንደዚያ ያለ ድቡልቡል ፍሬ በምድር ድንጋይ ውስጥ አይገኝም፤ ከመሬት በፊት የተሠራ ነገር ነው። አያቴ ልክ ነበሩ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ለቴዎፍሎስ ስልክ ደወልኩ።

«እኔ የመምሬ ዘሥላሴ ልጅ ነኝ፤ ፀደንያ» አልኳቸው። «ድንጋዩን አይቼዋለሁ። ብረት አር አይደለም።»

«አዎ፣ አይደለም» አሉ። «እንዴት ናቸው እናትሽ?»

«ደህና ናት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስጠብቅ የኖርኩት ይኼን ነው።»

«ለምን ዋሹ ታዲያ?»

«አባትሽ ለመኑኛ፣ ልጄ። እኔ ያን ማታ ዓለም ሁሉ የእኔ የሆነ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው፣ ድንጋዩን ካላመነች ብቻ ነው ሐኪም የምታምነው አሉኝ። ቄስ ሆነው ጉልበቴን ያዙ። ምን ልበል?»

«አልጻፉበትም?»

«ብጽፍ የመንደሩ ስም ይጠራል። ስሙ ከተጠራ ወሬው ይደርሳል። ውሃው እንደገና ሊጀመር ነው ማለት ነው።» ሳቅ አሉ። «ጠጠርሽን አገኘሻት? ተራ ባዛልት ናት። በጣም አምሞኝ ነበር ግን።»

ባለፈው ጥር መንገዱ ተከፍቶ መኪና መውረድ ሲጀምር ድንጋዩን ይዤ አገሬ ገባሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትባዝት አገኘኋት። ጨርቁን ከፊቷ ፈታሁና፣ ሃያ ዓመት ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። አያቴ እውነተኛ እንደነበሩ፣ ለምን እንደቀዘቀዘ፣ ከየት እንደመጣ። እናቴ ድንጋዩን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ዳበሰችው።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አባትሽ ነግረውኛል። መድኃኒቱን እስክጨርስ ጠበቁና፣ ይኼው እዚህ ደጃፍ ላይ ነው የነገሩኝ። ድንጋይ ተሸክመው።»

የሰኔው ከሰዓት በኋላ ያን ጊዜ ነው ከተለጠፈበት ስም የተላቀቀው። ዳገቱ፣ ላቡ፣ መነኩሴው፣ የእናቴ ልቅሶ፣ ሁሉም እያንዳንዱ ቦታ ቦታውን ያዘ። የጭድ ክምሩም፣ የተያዘው ጉልበትም፣ ከመቅደሱ ውጪ የቆሙት አርባ ቀንም።

«ለምን ለሰው አልተነገረም? አያቴ እኮ ውሸታም ተባሉ» አልኳት።

«ሁለት ሰዎች ገና ክኒን ላይ ነበሩ። ቢሰሙ ይተዉታል። አባቴም ይኼን ቢሰሙ አይከፋቸውም፤ ሰው የሚወዱ ሰው ነበሩ።»

«እሺ፣ እኔስ? ለኔ ለምን አልነገርሽኝም? አባባን እንዴት አድርጌ እንዳኮረፍኩ ታውቂያለሽ።»

እናቴ ጥጡን አስቀመጠች። «እነግራታለሁ ስላቸው እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ። ‹ልጅቷ በዚህ ነገር ተናዳ ነው ትምህርቷን እንዲህ የያዘችው፤ ተያት ትማር፣ እኔ እችለዋለሁ› አሉኝ። ኋላ ደግሞ ታመሙ። ሊነግሩሽ አስበው ነበር፤ መምጣትሽን ሲጠብቁ ነው ያረፉት።»

ያን ዓመት ፈተና ነበረብኝ። የደረስኩት ለሰባት ቀኑ ነው።

ከዚያ እናቴ የአያቴን ድንጋይ በጨርቁ ጠቅልላ መለሰችልኝ። «መልሰሽ ውሰጂው። አሁን ጻፉበት። የአባቴን ስም ግን አሟልታችሁ ጻፉ።» ጣቷን ወደ ደጃፉ ቀሰረች። «ያንን ግን ማንም አይነካብኝም።»

ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ሁልጊዜ እዚያው ነበር። ልጅ ሆኜ እግሬን የምታጠበው እሱ ላይ ቆሜ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ መነጽር ያልደቀንኩበት ድንጋይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ተንበርክኬ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ፊቱን አራስኩት፣ በማጉያዬም አየሁት።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ባዛልት ነው። ተራ የወንዝ ድንጋይ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አለች።

ሁለት እጄን ከሥሩ ሰደድኩና ላነሳው ሞከርኩ። እስከ ጉልበቴ አደረስኩት፤ ከዚያ በላይ አልሆነልኝም።